የጓንጉል ወገብ

ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በድሮ ዘመን እሺ ሲሉት ደስ የሚለው አንድ ንጉሥ ነበረ። እሺ ማለት የማይሰለቸው ጓንጉል የሚባል ሰውም ነበረ። ሁለቱ ተገናኙ።

አንድ ቀን ንጉሡ የሆመጠጠ ጠላ ቀምሶ ጣፋጭ ነው አለ። ሌላው ፊቱን ሲያጨማድድ ጓንጉል ማር ማር ይላል ብሎ ጨለጠው። ሙክት ተሸለመ። ሰፈሩም እበላ ባይ አለው፤ ለሆዱ ነዋ የሚናገረው።

ሌላ ቀን የንጉሡ በቅሎ አነከሰች። ንጉሡ አሰጋገሯን እዩልኝ አለ። ጓንጉል አቧራዋን እየቃመ፣ ከኋላዋ እየሮጠ አጨበጨበ። ካባ ተሸለመ። ሰፈሩም አሽቃባጭ አለው፤ ሳይጠሩት ሽር ጉድ ይላላ።

በሦስተኛው ጊዜ ንጉሡ አዳራሽ ሠራ። ምሰሶውን ራሱ መርጦ ራሱ አቆመው። ጠማማ ነበር። ቀጥ ብሏል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰዉ መሬት መሬቱን አየ። ጓንጉል ግን አንገቱን አዘመመ፣ ወገቡን አጎበጠ፤ እንዲያ ሆኖ ሲያየው እውነትም ቀጥ አለለት።

“እንደ ጦር ነው፣ ጃንሆይ” አለ።

ንጉሡ ደስ ብሎት፣ አልጋህን ከምሰሶው ሥር አንጥፍ፣ ከእኔ ጋር ትኖራለህ አለው። ክረምት ገባ። የጣሪያው ሣር ዝናብ ጠጥቶ ከበደ፤ ምሰሶው ሲጢጥ ሲጢጥ አለ። ጓንጉል ፈራ። ቢሸሽ ውሸቱ ይወጣል፤ ቢተኛ ጣሪያው ይወድቅበታል። ጎንበስ ብሎ በጀርባው ደገፈው። ንጉሡ ምን ትሠራለህ ቢለው፣ ፍቅሩ ይዞኝ ነው አለ።

ሚስቱ የሺመቤት መጥታ ለመነችው።

“ጠማማ ነው በልና ቤትህ ግባ። ወገብህ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው።”

ጓንጉል አፉን ከፈተ። ንጉሡ በዚያ ሲያልፍ አየና መልሶ ዘጋው።

ከዓመታት በኋላ ንጉሡ ሞተ፣ ልጁ ነገሠ። ልጁ ውሸት አይወድም። ጠማማውን አስነቅሎ ቀጥ ያለ የጥድ ምሰሶ አስቆመ። የጓንጉል ወገብ ግን አልተቃናም። አዲሱ ንጉሥ አስጠርቶ፣ እውነቱን ከነገርከኝ ካባህን አልነጥቅህም፣ ይሄኛውስ እንዴት ነው አለው። ጓንጉል በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ሊናገር ቆረጠ። እንደጎበጠ አሻቅቦ አየው።

“ጠማማ ነው” አለ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ካባውን ገፈው አስወጡት። የሺመቤት እጁን ይዛ ስትወስደው፣ ያየሁትን እኮ ነው የተናገርኩት እያለ አለቀሰ። አውቃለሁ አለችው። ሰፈሩም አጎብዳጅ አለው፤ ስሙ ለመሰሎቹ ሁሉ ተረፈ።

እንግዲህ ልጆች፣ ለጌታው ደስታ ብሎ የጎበጠ ሰው ጌታው ቢሄድም ቀጥ ያለውን ማየት አይችልም። ጨረስኩ። በሉ አሁን ቀጥ ብላችሁ ተነሡ።