አያ ጅቦ ለሞግዚትነት ሲወዳደር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ከመነካከስ በኮሚቴ መጨቃጨቅ ይሻላል ብለው በተስማሙበት ዘመን፣ በወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ጉረኖ ነበር። ወላጆች ለግጦሽና ለአደን ሲሰማሩ ልጆቻቸውን እዚያ ያውላሉ። ግልገሉም፣ ጥጃውም፣ የአያ አንበሳ ደቦልም፣ የእመት አህያ ውርንጭላም በአንድ ላይ ይውላሉ። የምትጠብቃቸው አሮጊቷ ኤሊ ነበረች። እሷም አንድ ቀን «በቃኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ» አለችና ተነሣች። ከጉረኖው በር እስክትደርስ ሦስት ቀን ፈጀባት፤ ለዚያውም ቸኩላ ነው።

ወዲያው አዲስ ጠባቂ የሚቀጥር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አያ አንበሳ፣ ጸሐፊው ቀበሮ፣ አባሏ እመት አህያ ሆኑ። እመት አህያ የተመረጠችው ብልህ ናት ተብሎ አይደለም። «ከእናቶች ወገን አንዲት ትኑርበት» ተባለና፣ ጭነቱን ዝም ብላ የምትችል ውሳኔውንም ዝም ብላ ትችላለች ብለው ነው።

በማግስቱ ቀበሮ ማስታወቂያ አርቅቆ መጣ። ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ።

«የጉረኖ ጠባቂ እንፈልጋለን። አመልካቹ መንጋጋው የጠነከረ፣ ቆዳው ነጠብጣብ ያለበት፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ የኋላ እግሩ ከፊተኛው አጠር ያለ መሆን አለበት። የሚያነክስ ቢሆን ይመረጣል።»

«ታዲያ አያ ጅቦ ብለህ ጽፈኸው አትገላገልም?» አለች እመት አህያ።

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም» አለ ቀበሮ። «መስፈርት ነው ያወጣሁት።»

አያ አንበሳ አዛጋ። «ጅቦ ምን አለበት? ስንት ዘመን አብረን በልተናል። እኔ ሥጋውን ስበላ እሱ አጥንቱን ይለቅማል፤ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም።»

የእመት አህያ ልብ ድንግጥ አለ። ድንቡሼ፣ ያ ክብልል ያለ ውርንጭላዋ፣ ውሎው እዚያው ጉረኖ ውስጥ ነው። ጅብ ሰኞ ሥራ ቢጀምር ልጇ ማክሰኞን አያያትም። ግን «ልጄን ይበላብኛል» ብትል ስም አጥፊ ይሏታል፤ ጅቦም ጠበቃ አያጣም። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ተረት ለኮሚቴ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዘች።

«ጌታዬ፣ ጅቦም ይወዳደር። እኔ ማንንም አላስቀርም» አለች። «ነጠብጣቡና ማነከሱ ግን ይሰረዝ። አራት ጥያቄ እናውጣና የመጣውን ሁሉ እነዚያኑ አራቱን እንጠይቅ። ለጥሩ መልስ አንድ ጠጠር እንስጥ። ጠጠሩንም እርስ በርስ ሳንተያይ፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ፍርድ በአመልካቹ ቅል ውስጥ እንጣል።»

አያ አንበሳ የሚፈልገው ስብሰባው እንዲያልቅለት ብቻ ነበር። «ይሁን» አለ። ቀበሮም ምንም ሳይከራከር ኮሚቴው ያጸደቃቸውን አራቱን ጥያቄዎች በዛፍ ቅርፊት ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፈ። እንዲያውም ፈገግ አለ። ቀበሮ ተሸንፎ ፈገግ ካለ አልተሸነፈም ማለት ነው፤ እመት አህያ ግን ይህ የገባት ዘግይቶ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ፣ ከቀበሮ ጉድጓድ በኩል ድምፅ ሰማች። ያን ያህል ጆሮ ተሰጥቷት አለመስማት አትችልም።

«አንደኛ፣ ምን ትበላለህ?» ይላል ቀበሮ።

«ሥጋ» ይላል አያ ጅቦ።

«አንተ ደንቆሮ፣ ስንቴ ልንገርህ? ለጋ ለጋውን መርጬ እበላለሁ፤ የተረፈውን ለነገ አቆያለሁ በል። ስለ ሣር የምታወራ ይመስላቸዋል።»

«ጥያቄውን ግን መስማት አለብኝ?»

«በጭራሽ። አንተ ጥያቄ ከሰማህ ታስባለህ፤ ካሰብክ ደግሞ ትራባለህ። መልሱን ብቻ በተራ በተራ ያዝ። አንደኛው ለጋ ለጋውን፣ ሁለተኛው እሹሩሩ፣ ሦስተኛው ጉሮሮውን፣ አራተኛው ልጆቻቸውን። ከተቀጠርክ በኋላ በሳምንት አንዲት ጠቦት ለኔ ትልካለህ። እንዳትረሳ።»

እመት አህያ ውሃውን ሳትጠጣ ተመለሰች። ቤት ስትደርስ ባሏ ገለባ ያኝካል። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። እሱም እስከ መጨረሻው ካኘከ በኋላ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?» አላት። «አገር የሚያውቀውን እኔ ምን አደርገዋለሁ?» ብሎ ገለባውን ቀጠለ።

ይህ ሳያንስ በቅሎ መጣች። ይህቺ በቅሎ ዕድሜዋን ሙሉ አባትሽ ማነው ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» የምትል ናት። የዚያን ቀን ግን አንገቷን ሰብራ «አክስቴ፣ እንዴት ነሽልኝ?» አለች።

«ዛሬ ገና አክስትሽ ሆንኩ?»

«ደም እኮ ውሃ አይሆንም፣ አክስቴ። ለጠባቂነቱ አመልክቻለሁ። እስቲ ጥያቄውን ሹክ በዪኝ።»

እመት አህያ ልትነግራት አፏን ከፈተች። እውነቱን እንናገር፣ ልትነግራት ነበር። ጅቦ መልሱን ይዟል፤ በቅሎም ብትይዝ ምን ይላታል? የበቅሎ ጥፋቷ እንቅልፍ ነው፤ ልጅ ግን አትበላም። ድንቡሼ ይተርፋል። ከዚያ ቀበሮ ትዝ አላት። ዛሬ ለወንድሜ ልጅ ሹክ ካልኩ፣ ነገ ቀበሮን ሌባ የምለው በየትኛው አፌ ነው? ብላ አሰበችና አፏን መልሳ ገጠመች።

«ጥያቄውን እዚያው ትሰሚዋለሽ» አለቻት። «እንደ ሁሉም።»

በቅሎ ጅራቷን አወናጭፋ ሄደች። እመት አህያ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጥያቄ መቀየር አትችልም፤ ኮሚቴው አጽድቆታል። ክስ ማቅረብም አትችልም፤ ምስክር የላትም። ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ ብሏት ብቻዋን ሳቀች፤ ባሏም «ምን ነካሽ?» ብሎ ተገላበጠ።

የቃለ መጠይቁ ቀን እንስሳቱ በሙሉ ከግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። አመልካቾቹ ሦስት ናቸው፤ በቅሎ፣ ቆቅና አያ ጅቦ። አንዱ ሲጠየቅ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ከኮረብታው ማዶ ይቆያሉ። ቀበሮ ቅርፊቱን አንሥቶ ሊያነብ ሲል እመት አህያ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ከታች ወደ ላይ ብንጠይቅስ? ለሦስቱም እንደዚያው።»

ቀበሮ ፊቱ ጠቆረ። «ጥያቄ የሚጠየቀው ከላይ ነው። ወግ ነው።»

«መልሱን ለሚያውቅ ከላይም ከታችም ያው ነው» አለች እመት አህያ። «ወይስ ከላይ ብቻ የሚያውቅ አለ?»

አያ አንበሳ ቀበሮን አየው። «ጥያቄው እስካልተቀየረ ድረስ ከፈለጋችሁ ከመካከል ጀምሩት» አለና አንበሳው ዓይኑን ከደነ።

መጀመሪያ በቅሎ ቀረበች። ማታ ምን ታስረክቢያለሽ ሲሏት ስለ ፈረሱ አጎቷ ተረከች። ሌባ ቢመጣስ ሲሏት ስለ አጎቷ ኮርቻ ቀጠለች። ልጅ ሲያለቅስስ? «እንቅልፌ ከባድ ስለሆነ አይረብሸኝም» አለች። የምትበላው ሣር ስለሆነ ብቻ አንድ ጠጠር አገኘች። እመት አህያ የወንድሟ ልጅ ናትና አንድ ልትጨምርላት ዳዳት፤ ግን ተወችው።

ቀጥሎ ቆቅ መጣች። ከማነሷ የተነሣ ከኋላ ያሉት «ማን ነው የሚናገረው?» ይሉ ነበር።

«ማታ እናቶች ሲመለሱ ምን ታስረክቢያለሽ?»

«ጠዋት የቆጠርኩትን። ስቀበልም ስመልስም እቆጥራለሁ።»

«ሌባ ቢመጣስ?»

«እኔ ሌባ መጣል አልችልም» አለች ቆቅ። «ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ጀምሬ እጮሃለሁ፤ እሱ አጥሩ ጋ ሳይደርስ እናንተ ትደርሳላችሁ።»

«ልጅ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ለምን እንደሚያለቅስ አያለሁ። የራበውና የቀበጠው ለቅሷቸው አንድ አይደለም።»

«ምን ትበያለሽ?»

«ጥራጥሬና ምስጥ።»

ጠጠሩ ቅሉ ውስጥ ቀጭ ቀጭ አለ። በመጨረሻ አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ። ቁጭ ብሎ ደረቱን ነፋ፤ ከንፈሩ በለሆሳስ መልሱን ይቆጥራል። ቀበሮ ከወዲያ በዓይኑ ይጠቅሳል፣ በጅራቱ ይጠቁማል፤ ጅቦ ግን አደራውን አልበላም። ጥያቄ እንዳይሰማ ታዟል፣ አይሰማም።

«ማታ እናቶች ሲመለሱ ምን ታስረክባለህ?» አለች እመት አህያ።

«ለጋ ለጋውን መርጬ እበላለሁ፤ የተረፈውን ለነገ አቆያለሁ።»

ከፍየሎች ወገን ጉምጉምታ ተሰማ።

«ሌባ ወደ ጉረኖው ቢመጣስ?»

«እሹሩሩ እያልኩ አባብለዋለሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስደው ከጎኑ አልለይም።»

«ልጅ ሲያለቅስስ?»

«ጉሮሮውን አንቄ አጥንቱን አደቅቃለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደውም።»

አያ አንበሳ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፈተ። ደቦሉ አልቃሻ እንደሆነ አገር ያውቃል። እስከዚያች ሰዓት ጉረኖው የሌሎች ልጆች መዋያ ይመስለው ነበርና አሁን ጋማው ቆመ።

«ይበቃል፤ አስወጡት» አለ።

«የለም ጌታዬ፣ አንድ ቀርቶታል» አለች እመት አህያ። «ሌሎቹን አራት ጠይቀናል። ለእሱም አራት ይገባዋል። አያ ጅቦ፣ ምን ትበላለህ?»

«ልጆቻቸውን» አለ አያ ጅቦ፣ መጨረሻው ላይ ስለደረሰ ደስ ብሎት። «አንድም ሳላስቀር።»

ጅቦ ጠጠሩ እንዲወድቅለት ትንሽ ጠበቀ። ሳይወድቅ ሲቀር ወደ ቀበሮ ዞረ።

«ምን አጠፋሁ? በተራው አይደል ያልኩት? አንተ ራስህ እንዳስጠናኸኝ።»

«ይዋሻል» አለ ቀበሮ።

«አልዋሸሁም» አለ ጅቦ ከልቡ ተቀይሞ። «በሳምንት አንዲት ጠቦት ብለኸኝ የለም እንዴ?»

አያ አንበሳ ወደ ቀበሮ ቀረብ አለ። «ለመሆኑ ያንተ ልጆች የት ነው የሚውሉት? እጉረኖው ውስጥ አይቻቸው አላውቅም።»

«እነሱማ እቤት ናቸው» አለ ቀበሮ ቀስ ብሎ።

«ከነገ ጀምሮ ጉረኖው ይውላሉ። አንተም እዚያው ፋንድያ ትጠርጋለህ፤ አለቃህ ቆቅ ናት።»

አያ ጅቦ ግን ነገሩ አልገባውም። «ውጤቱን ለማወቅ መቼ ልምጣ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆ እያነከሰ ሄደ።

በነጋታው ማታ ቆቅ በሩ ላይ ቆማ ልጆቹን እየቆጠረች አስረከበች። «አንድ ውርንጭላ፣ ከነጆሮው» ብላ ድንቡሼን ለቀቀችው። እመት አህያ ልጇን አንገቱ ሥር ስታሸተው ዕንባዋ መጣ። ወዲያው ጥቂት ፈረሶች በቅሎን መካከላቸው አድርገው አለፉና አንዱ «ያቺ አህያ ዘመድሽ አይደለችም እንዴ?» ሲላት ተሰማ።

«አላውቃትም» አለች በቅሎ። «ፈረስ አጎቴ ነው።»

እመት አህያ ሰማች፤ ዕንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ልጇን አስከትላም ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው ለዘመዱም ለጠላቱም አንድ ጥያቄና አንድ ሚዛን የሚያቀርብ ሰው ጅቡን ጅብ ነው ብሎ መጮህ እንደማያስፈልገው፣ እኩል ዕድል ሲሰጠው ጅቡ ራሱ አፉን ከፍቶ እንደሚናገር ነው።