ለጄኔራሉ ፉከራ ምስክር

ጡረታ ወጥተውም ፉከራ ያልለቀቃቸው አንድ ጄኔራል ነበሩ። በጦርነት ያበረሩት አሮጌ ተዋጊ አውሮፕላን ታድሶ ሞተሩ በሚነሳበት ቀን እንግዳ ጠሩና፣ «ጠላት አንድም ቀን ከፊቴ ቆሞ አያውቅም!» ብለው ፎከሩ።

ለፉከራ ምስክር ደንብ ነውና፣ አውሮፕላኑን ያደሰውን ምላሰኛ መካኒክ ጎትተው መሃል አቆሙት።

«አንተ ብሎን በብሎን ፈትተህ አይተኸዋል፤ መስክር! ብትዋሽ ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ሌላ ሰው ነው!»

መካኒኩ ጨነቀው። ያን ሞተር ከዝገት ያወጣው እሱ ሆኖ ድምፁን ሳይሰማ ሊባረር? ግሪስ የነካውን እጁን በጨርቅ ጠረገና ለጥ ብሎ እጅ ነሳ።

«እውነታቸውን ነው! ጠላት አንድም ቀን ከፊታቸው ቆሞ አያውቅም። የደፈንኩት የጥይት ቀዳዳ ሁሉ ጭራው ላይ ነው።»