በወይኑ ሥር ስለ ተቀበሩት ገንቦዎች

ምእመናን ሆይ፥ አምላክን የወለደች እመቤታችን ማርያም በቆላ ባለች አንዲት ገዳም ያደረገችውን ስሙ፤ ልመናዋ አይለየን፥ አሜን። በዚያች ገዳም እማሆይ ወለተ ሐና የምትባል መነኩሲት ነበረች፤ የቍርባኑ ዘቢብ የሚገኝባቸውን ሰባት የወይን ሐረጎች ትጠብቅ ነበርና፥ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሰባት ያልተሟሹ የሸክላ ገንቦዎች በየሥራቸው ቀብራ አፋቸውን በድንጋይ ከደነች፤ ውሃውም በሸክላው ጥቂት በጥቂት እየሰረገ ሥሩን ያጠጣ ነበር። በየማለዳውም ውዳሴ ማርያም ደግማ፥ በእመቤታችን ስም ከወንዝ ቀድታ ገንቦዎቹን ትሞላ ዘንድ ስእለት ነበረባት።

ከዚያም የማኅበሩ ጎመንና ሽንኩርት ደርቆ የእርስዋ ወይን በለመለመ ጊዜ ሹክሹክታ ተነሣ። «ውሃ ስትቀዳ እናያለን፤ መሬቱ ሲርስ ግን አይተን አናውቅም፤ የት ታደርገዋለች?» ተባባሉ። መጋቢው አባ ዘወንጌልም መሬቱን በዘንግ ቢወጋ ተከድኖ የተቀበረ ነገር አገኘና «መተት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ተከድኖ የተቀበረ ነገር በአገራችን ምን እንደሚያሰኝ ታውቃላችሁ፥ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። እርስዋ «ውሃ ነው፥ ክፈቱና እዩ» ብትልም የከፈተው ይለከፋል ብለው ፈርተው ነበርና አንድ ስንኳ እጁን የዘረጋ አልተገኘም። «ያለ እርስዋ ወይኑ ከደረቀ ያቆመው መተቷ ነውና ከገዳም ትውጣ» ብለው ፈረዱና በጎጆ ቆለፉባት። የማይጠጣ ተክል እንደሚደርቅ ልብ ያለ ዳኛ አልነበረም። እርስዋም «እመቤቴ ሆይ፥ ወይኑ ይጠማል» እያለች አለቀሰች።

አባ ዘወንጌል ግን ማንንም አላመነምና ራሱ ስምንት ቀን በአትክልቱ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ቅጠሉም አልጠወለገም፥ «የሚረዳት አባሪ አላት» ብሎም ጥርጣሬው ባሰበት። በስምንተኛው ቀን ጧት አንዲት ሴት በገንቦዎቹ ውሃ ስትሞላ አየና «አባሪዋን ያዝሁ!» ብሎ ሮጦ የእንስራዋን ጆሮ ጨበጠ፥ «አንቺ ሴትዮ፥ ማን ላከሽ?» አላት።

«ልጄ፥ በእርስዋ ላይ ቆለፋችሁባት፤ ስለዚህ እኔ ቀዳሁላት» አለችውና ከዓይኑ ተሰወረች፤ እንስራው ግን በእጁ ቀረ።

ያን ጊዜ የገንቦውን ክዳን አነሣ፥ እስከ አፉ የሞላ ጥሩ ውሃ እንጂ ሌላ አላገኘም። ከዚያም እያለቀሰ ሄዶ የጎጆውን በር ከፈተ፤ እርስዋም አፉን ሳይከፍት «አባቴ፥ ወይኑ ደረቀ?» አለችው።

«አልደረቀም እማሆይ፤ የደረቅሁስ እኔ ነኝ፥ ይቅር በይኝ» ብሎ ከእግሯ ወደቀ፤ አነሣችውና አብረው እመቤታችንን አመሰገኑ።

እናንተንም የሰማችሁትን በባልንጀራ ላይ ከመፍረድ ትጠብቃችሁ፥ በተጠረጠራችሁም ቀን ትቁምላችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።