ምች የመታው ማይክሮዌቭ

አንድ ጊዜ፣ መብራት የሰውን ሰፈር አልፎ እስከ እንስሳት መንደር በገባበት ዘመን፣ አባ ቻለው የሚባል ሽማግሌ አህያ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጤፍ፣ የሰው ጨው፣ የሰው እንጨት ሲሸከም ኖሮ ጀርባው ጎብጧል፣ ጥርሱም አልቋል። ጥርስ የሌለው አህያ ደግሞ ገብሱን እያየ ይራባል እንጂ አይበላም።

አባ ቻለው አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ስንዱ የምትባል በቅሎ። በቅሎን መቼም ታውቋታላችሁ። «አባትሽ ማነው?» ሲሏት «እናቴ ፈረስ ናት» የምትለው እሷ ናት። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አገር ያወቀው ነው። ስንዱም ገና ወጣት ሳለች ገበያ መሀል ፈረሶች ይህንኑ ጠየቋት፣ እሷም ያንኑ መለሰች። አባ ቻለው ሣር ተሸክሞላት ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ሰማ። ሣሩን አራገፈላትና ወደ ቤቱ ሄደ። እሷም ከተማ ገባች፣ በዚያው ቀረች።

ከስንት ዘመን በኋላ፣ አንድ ቀን ሳይታሰብ ብቅ አለች። አንድ ሳጥን በሩ ላይ አስቀመጠች።

«እንደምን ሰነበቱ? ይሄ ማይክሮዌቭ ይባላል። ገብስዎን ውሃ ጨምረው ቢያስገቡበት ያለሰልስልዎታል» አለችና፣ ፈረስ ጓደኞቿ መንገድ ላይ ይጠብቋት ስለነበር ሳትቀመጥ ሮጠች።

አያችሁ፣ «አባዬ» አላለችውም። እንደ ባዳ አንቱ ብላው ነው የሄደችው። አባ ቻለው ግን ሳጥኑን አቅፎ በደስታ አለቀሰ። አዎ፣ አህያም ያለቅሳል፤ ያላየ አይሳቅ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳጥኑ «ም-ም-ም» እያለ ይሠራል፣ ሲጨርስ «ቲን!» ይላል፣ ገብሱም ለድድ የሚስማማ ሆኖ ይወጣል። ሳጥኑ «ቲን!» ባለ ቁጥር አባ ቻለው «አቤት ልጄ!» እያለ ነበር የሚነሳው።

ታዲያ በኛ አገር የተወደደ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮኑም ዳንቴል ይለብሳል፣ ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ይለብሳል። አባ ቻለውም ለሳጥኑ ወፍራም ዳንቴል አሠራለት፤ ላዩን፣ ጎኑን፣ ኋላውን ሁሉ የሚሸፍን፣ በሩ ብቻ ሲቀር። ሲያሞቅበት እንኳ አያወልቅለትም። «ልጄ የሰጠችኝን አቧራ እንዳይነካብኝ» ይላል።

የመስቀል ሰሞን፣ ከተማ የገባው ሁሉ ወደ አገሩ በሚመለስበት ጊዜ፣ እርግብ መልእክት ይዛ መጣች። «ስንዱ ለመስቀል ትመጣለች፤ አድራም ትሄዳለች» አለች።

አድራ! አባ ቻለው ቤቱን ጠረገ፣ ገብስ ዘፈዘፈ። በበዓሉ ጠዋትም ለሁለት የሚበቃውን ሊያሞቅ ተነሳና አንዱን ሳህን ሲያወጣ ሌላውን ሲያስገባ፣ ያንን ሲያወጣ ሌላ ሲያስገባ፣ ሳጥኑ «ም-ም-ም» ሲል ቆይቶ ድንገት ጸጥ አለ። የሳጥኑ መብራትም ጠፋ።

አባ ቻለው በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ቁልፉን ተጫነ። ለመነው። ዝም! በኮቴው ቢነካው ይፋጃል።

«ወይኔ ጉዴ! ትኩሳት ይዞታል!» አለ። «ምች ነው የመታው! ላብ በላብ እንደሆነ በሩን ከፍቼ አስመታሁት!»

ሶኬቱን ነቀለ። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፎ በደንብ አሻሸው። ከዚያም ጋቢውን አምጥቶ በዳንቴሉ ላይ ደረበለትና አጠገቡ ተቀመጠ። «እባክህ ዳንልኝ» አለው። «ልጄ ዛሬ ትመጣለች። የሰጠሁትን ማስቀመጥ እንኳ አይችልም ካለች፣ ዳግመኛ ደጄን አትረግጥም።»

በዚህ መሀል ቀበሮ በደጅ ስታልፍ ዳማከሴው ሸተታት። ቀበሮ ደግሞ የሌላውን ጭንቀት እንደ ምግብ ከሩቅ ነው የምታሸተው።

«እንዴት ዋሉ፣ አባ ቻለው? በደህና ነው? የታመመ አለ እንዴ?»

«አዎ፣ እመት ቀበሮ። ማይክሮዌቬን ምች መታብኝ።»

ቀበሮ ሳቋን ዋጠች። ሳጥኑን ጋቢ ለብሶ ሲያልበው አየችው። ወዲያው በሐሳቧ ጉድጓዷ ውስጥ ተቀምጦ ሥጋ ሲያሞቅላት ታያት።

«እሰይ! በዚህ በኩል ያመጣኝ ለበጎ ነው! እኔ እኮ የታወቅሁ ጠጋኝ ነኝ፤ አልሰሙም?» ጆሮዋን ጋቢው ላይ ለጠፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «እህ... እህህ... ልቡ ደክሟል። ግን ይድናል። ረዳቴን ብቻ ልጥራ።»

«ረዳትሽ ማነው?»

«አያ ጅቦ።»

አባ ቻለው ወደ ኋላ አፈገፈገ። አህያና ጅብ ባንድ ጣሪያ ሥር! አባቱም አያቱም ማን ሆድ ውስጥ እንደቀሩ ያውቃል። ግን ስንዱ በበሩ ስትገባ፣ ሳጥኑንም ሞቶ ስታገኘው ታየው።

«እሺ፣ ይምጣ» አለ። «ብቻ ልጄ ሳትደርስ ይዳንልኝ።»

ቀበሮ ጫካ ሮጠች። አያ ጅቦን እንደ ልማዱ ተኝቶ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ተነስ! ሆዱ ውስጥ ጉበት ያለበት ሳጥን አግኝቻለሁ።»

«ጉበት? ሳጥን ውስጥ?»

«ም-ም-ም ይል የለም እንዴ? ሆድ የሌለው ነገር ያጉረመርማል?»

ጅብ አሰበ። ጅብ ሲያስብ ለሀጩ ይወርዳል። «እውነትሽን ነው» አለ። «የኔም ሆድ ልክ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«በል እንግዲህ፣ ተሸክመህ ጫካ ታደርስልኛለህ። እዚያ ስንከፍተው ጉበቱ ያንተ፣ ባዶው ሳጥን የኔ።»

«አህያውስ?»

«ተወው፣ እሱ ቆዳና አጥንት ነው። ጉበት እያለ ማን አጥንት ይግጣል!»

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? አያ ጅቦም ገና ከመግባቱ ደረቱን ነፍቶ «በሽተኛው የታለ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሐኪም ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ። አባ ቻለው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ቀበሮ አባ ቻለውን «መድኃኒት ሲደረግ ማየት ነውር ነው» አለችው። «ያዩት እንደሆነ ይከሽፋል። ፊትዎን ያዙሩ።»

መድኃኒት አዋቂ ምስጢሩን እንደማያሳይ ማን ያጣዋል? አባ ቻለው ዞረ። «አደራችሁን፣ ቀስ ብላችሁ» አለ ለግድግዳው።

አያ ጅቦ ሳጥኑን ከነጋቢው ጀርባው ላይ አወጣና በእግሩ ጣት እየረገጠ ወደ በሩ አመራ። ደፉ ላይ ሲደርስ ግን የሳጥኑ ሙቀት ጀርባው ውስጥ ገባ።

«እመት ቀበሮ! ይሞቃል! ጉበቱ ገና ትኩስ ነው!»

«ዝም በል! ጫካ ስንደርስ!»

«ጫካ እስክንደርስ ይበርዳላ!»

ሆዳም ቀጠሮ አያውቅም። ሳጥኑን እዚያው ዱብ አድርጎ አወረደው፣ ጋቢውን ወረወረ፣ ዳንቴሉን ገፈፈ፣ አንዱን ብሎን በጥርሱ ነቀለና የክዳኑን ጥግ ፈልቅቆ ከፈተው።

«ቆይ! አትንካው!» አለች ቀበሮ።

«ከመብራት ተነቅሎ የለ? ምን ያደርገኛል!» አለና ምላሱን ሰደደ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ትልልቆቹም እንዲሁ። ማይክሮዌቭ ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ሆዱ ውስጥ መብራት ቋጥሮ ይቆያል፤ የነካውን ይማታል። አያ ጅቦ ይህን አያውቅም። «ጧ!» አለ። ጅቡ አጥር ተሻግሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ፣ ጢሙም ጨሰ። እድሉ ሆኖ ተረፈ እንጂ ስንቱ አልተረፈም። ቀበሮስ? ቀበሮማ «ጧ» የሚለው ድምፅ ሳያልቅ ወንዝ ተሻግራለች።

አባ ቻለው ደንግጦ ዞረ። ሳጥኑ ደፉ ላይ ክዳኑ ተፈልቅቆ ተቀምጧል። ከሳጥኑ ወዲያ አራት እግር ቆሟል። ቀና ቢል ስንዱ ናት።

ጋቢውን አፈፍ አድርጎ ሳጥኑን ሸፈነና ከፊቱ ተገተረ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ።»

«እንኳን ደህና ቆዩኝ። ጅብ እኮ በላዬ በሮ አለፈ! ምንድን ነው የሸፈኑት?»

«ምንም።»

ስንዱ ትክ ብላ አየችው። አባ ቻለው መዋሸት አይችልበትም፤ ጆሮው ይወድቃል። ወደቀ።

«ተበላሸብኝ» አለ። «ምች መታብኝ። ይድንልኝ ብዬ ጅብ ቤቴ አስገባሁ፤ እሱም ጭራሽ ገነጠለብኝ። የሰጠሽኝን ማስቀመጥ አቃተኝ። አትቀየሚኝ፣ ስንዱዬ።»

«ጅብ? ለዚህ ሳጥን ብለው ጅብ ቤትዎ አስገቡ? ቢበላዎትስ?»

«ለሳጥኑ አይደለም። አንቺ የሰጠሽኝ ስለሆነ ነው። ሌላ ያንቺ ነገር የለኝም።»

ስንዱ አንገቷን ደፍታ መሬት የወደቀውን ዳንቴል አነሳች። ገለጥ ብታደርገው ኋላና ጎኑ ላይ፣ ልክ የሳጥኑ ቀዳዳዎች ባሉበት ቦታ፣ በሙቀት ብዛት ቡናማ ሆኗል።

«ይሄን ሲያሞቁበትም ያለብሱታል?»

«እንዴ! ታዲያ ራቁቱን ላሠራው?»

ስንዱ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ።

«ምች አይደለም» አለች። «በዚህ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው። ሲደፈንበት ይታፈናል፣ ሲታፈን ይግላል፣ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሻጩ ነግሮኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ልነግርህ ሲገባኝ፣ ፈረሶቹ አይተው አባትሽ ነው ወይ እንዳይሉኝ ብዬ ደጅ ጥዬልህ ሮጥኩ። አንተ አይደለህም ያበላሸኸው። እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

አባ ቻለው ስለ ቀዳዳውና ስለ ሻጩ ያለችውን አልሰማም። የሰማው «አባዬ» ያለችውን ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኩን የተሸከመው ሁሉ በዚያች ቃል ከጀርባው ወረደ።

ስንዱ የተፈለቀቀውን ጥግ ቀስ አድርጋ መለሰችና ብሎኑን አጠበቀችው። ውስጡን አልነካችም። «የውስጡ የኛ ሥራ አይደለም፤ አያ ጅቦን ያየ ይበቃዋል። ቀዝቅዞ ካልሠራ እኔው ተሸክሜ ከተማ፣ ባለሙያ ጋ አደርሰዋለሁ» አለች። በቅሎ ለአህያ ዕቃ ልሸከም ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ራቁቱን ነፋስ ላይ አስቀመጡት። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አወሩ፤ ስለ ከተማው፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ጎበጠው ጀርባ። ከዚያ ስንዱ ሶኬቱን ሰካች። መብራቱ በራ። ገብሱን አስገቡ።

«ም-ም-ም» አለ። ቆየና «ቲን!»

«አቤት ልጄ!» አለ አባ ቻለው ከልማዱ። አፍሮም ጆሮውን ጣለ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለው?»

«እንግዲህ... አንቺ የጠራሽኝ እየመሰለኝ።»

ስንዱ አንገቱ ሥር ተወሽቃ ቀረች።

ይኸኔ አያ ጅቦ ጢሙ እንደተቃጠለ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ጅብ ቢመታም ሆዱ አይመታም።

«ቲን ሲል ሰማሁ» አለ። «ጉበቱ በሰለ?» ከዚያ ስንዱን አየና ከላይ እስከ ታች መረመራት። «አንቺ ደግሞ ማነሽ? ሰውነትሽ የፈረስ፣ ጆሮሽ ሌላ። አባትሽ ማነው?»

ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ አየ። ለበዓል የመጡት ፈረሶች ሳይቀሩ ከመንገዱ ጆሯቸውን አቀኑ። አባ ቻለው ደነገጠ። ልጁ በሰው ፊት እንዳትጨነቅ ብሎ ቶሎ ቀደማትና «እናቷ ፈረስ ናት» አለ።

ስንዱ አባቷን አየችው። ከዚያ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አለች።

«አባቴ ይሄ ነው። አባ ቻለው። አህያ ነው።»

ከዚህ የምንማረው የምንወደውን ዕቃም ሆነ የወለደንን አባት መሸፋፈን ማፈን እንጂ መጠበቅ አለመሆኑን ነው።