በቀጨሞ ድልን የሚናገረው የተረታው ነው

በቀጨሞ ዛሬም ሰው በሙግት ባላጋራውን ቢረታ ወይም በገና ጨዋታ ቢያሸንፍ «ድል አደረግሁ» ብሎ አይፎክርም። ቃሉ የተሸናፊው ነው። እሱ በገዛ አፉ «ድሉ ያንተ ነው» እስኪል ድረስ እልልታ የለም፤ ከበሮም አይመታም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ የመጣው ከአንጓች ቦይ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ አንጓች ባሏ የሞተባት፣ በርበሬ እየተከለች ሦስት ልጆች የምታሳድግ የታችኛው መንደር ሴት ነበረች። ምንጩ የሚፈልቀው በላይኛው መንደር፣ ደምለው በሚባል ገበሬ ማሳ ራስ ላይ ነበርና፣ አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቢቆም ደምለው ውሃውን ያዘባት። እሷም ዋርካው ሥር ከሰሰችው። ደምለው በሙግት የሚፈራ ሰው ነበር ይባላል፤ እሷ ግን ረታችው። ዳኛውም በሳምንት ሁለት ቀን ውሃው ወደ ታች ይውረድ ብሎ ፈረደላት።

የዚያን ቀን አንጓች ያልሆነችው የለም። ከዘመዶቿ ጋር እየጨፈረች በደምለው ደጅ አለፈች።

«አያ ደምለው፣ ያ ሁሉ ምላስ ወዴት ገባ? ድሉ የኔ ነው!»

ደምለው ሞፈር ይጠርብ ነበር፤ መጥረቡን ቀጠለ።

ቀኑ ደርሶ ውሃው ሲለቀቅ ደምለው አልከለከለም። ነገር ግን ቦዩን ፍልፈል በሳስቶት ስለነበር ውሃው መንገድ ላይ ሰርጎ ቀረ። ቀድሞ የላይኛው መንደር ሰዎች ጠዋት ጠዋት በቦዩ ዳር ሲያልፉ ቀዳዳውን በእግራቸው ይደፍኑት ነበር፤ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም፣ በፍርዱም አልተነገረም። ከዚያ ጭፈራ ወዲህ ግን እያዩ ያልፉታል። አንጓች ብቻዋን አንዱን ስትደፍን ሌላው ይከፈትባታል። በሁለተኛው ሳምንት የበርበሬው ቅጠል ጠወለገ።

ሌላ መንገድ ብታጣ ሄዳ ደምለው ደጅ ቆመች።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አላት። «ድሉን እንደሆነ እየጨፈርሽ ወስደሽዋል።»

«እሱን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ አያ ደምለው። ደጅህ ላይ መጨፈሬ ነውር ነበር።»

«ውሃውንም ትመልሺያለሽ?»

«ውሃውንስ አልመልስም። ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

ደምለው ሳይወድ ሳቀ ይባላል። ዶማውን አንሥቶ ተከተላት፤ ሁለቱም ሣር የያዘ ጓል እየቆረጡ የቦዩን ቀዳዳ ሲደፍኑ ዋሉ፤ ያየ ጎረቤትም አንድ ሁለት እያለ ገባበት። አመሻሹ ላይ ውሃው በርበሬው ሥር ሲደርስ አንጓች ትንፍሽ አላለችም። ደምለው ዶማውን ተደግፎ አያትና፣ «በይ እንግዲህ፣ ድሉ ያንቺ ነው። እልል በይ» አላት። ያን ጊዜ እልል አለች።

ቦዩ ዛሬም በስሟ ይጠራል። አምና በገና ጨዋታ የታችኛው መንደር አሸንፎ ነበር፤ የላይኞቹ ግን አኩርፈው እስከ ጥምቀት ቃሉን ሳይናገሩ ቆዩ። ከበሮውም እስከዚያ ድረስ ከግድግዳው ላይ አልወረደም።