ከቀብር በፊት የተጠራ እድር

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ሥራው እህል በረንዳ ጆንያ መሸከም ነው። ጎበዝ ነበር፤ ኩንታሉን ሲያነሳ ላየው ሰው ገለባ የተሸከመ ይመስል ነበር።

ይህ ሰው ማሳል ጀመረ። ሚስቱ "ጤና ጣቢያ ሂድ እንጂ፣ አንተ ሰው!" ትለዋለች። እሱ "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" ይላታል። አልለቀቀውም። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

ለምን አልሄደም? ሰነፍ ስለሆነ ነው? ሞኝ ስለሆነ ነው? አይደለም! ጤና ጣቢያው የሚከፈተው ጆንያ በሚወርድበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ቢቀር ቦታው በሌላ ሰው ይያዛል። ቦታው ከተያዘ ልጆቹ ምን ይበላሉ? መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ቀኑ ግን በነጻ አይደለም። የሚያድረው ደግሞ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከነቤተሰቡ ተፋፍጎ ነው። ስንቱ ጎልማሳ እንዲህ "ነገ እሄዳለሁ" እያለ አመለጠን?

አንድ እሁድ እድሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርጋው ደንብ ነፍሳቸው ነው። ቀብር ላይ ያልተገኙትን እየጠሩ ሲቀጡ ሰውየው እያሳለ ተነሳ።

"ጋሼ፣ እኔ ብሞት ምን ታደርጉልኛላችሁ?"

"ምን ጥያቄ አለው! ድንኳን እንተክላለን፣ ሣጥኑን እኛ እንችላለን፣ ሚስትህን እናጽናናለን። የቀረ ይቀጣል!"

"እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ከዚያ ላይ ትንሽ አሁን ስጡኝ። ድንኳኑን ተዉት፣ ለእኔ ጥላ አይሆነኝም። ታክሜ እስክነሳ ቦታዬን ይዞ የሚሸከምልኝ ሰው ስጡኝ።"

ጋሽ ዘርጋው ግራ ገባቸው። "ልጄ፣ ደንባችን እኮ ለሟች ነው።"

"ታዲያ መጀመሪያ ሞቼ ልምጣ?"

ቤቱ በሳቅ ፍርስ አለ። የእድሩን ድስት የሚጠብቁት እማማ ወለላ ግን አልሳቁም፤ ብድግ አሉ። "ዘርጋው! ይሄን ልጅ ቀብሬ ንፍሮ ከምቀቅል፣ አሁን ሾርባ ብሠራለት አይሻልም? የሞተ ሰው ሾርባዬን አያመሰግንልኝ!"

በማግስቱ ጋሽ ዘርጋው ራሳቸው ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሚስቱና ልጆቹም ተመረመሩ። የእድሩ ጎልማሶች በየተራ እየተሸከሙ ያገኙትን ለሚስቱ ያስረክቡ ጀመር። አንዱማ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የመጀመሪያው ጆንያ ሥር ቁጭ ብሎ "ኧረ አንሱልኝ!" ሲል የበረንዳው ሰው በሳቅ ሥራ ፈታ። ብቻ ቦታው አልተያዘም። ሰውየው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጨረሰ፣ ዳነ! ጋሽ ዘርጋውም፣ ያው ደንብ ወዳድ አይደሉ፣ "የታመመ ያልጠየቀም ይቀጣል" የሚል ደንቡ ላይ አስጨመሩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በለቅሶ ማን ይቀድመናል? ጡሩምባ ሲነፋ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንሮጣለን። መልካም ነው፣ አትተዉት። ግን ያ ሰው ሲያስል የት ነበራችሁ? ምግብ ቤት ሳህን የምታጥበዋ እህታችን ስትከሳ አላያችኋትም? አንቺ እመቤት፣ ሠራተኛሽ "አሞኛል" ስትልሽ "ልብሱን አጥበሽ ትሄጃለሽ" ያልሻት መቼ ነው? እናንተ አሠሪዎች፣ "ሂድ ታከም፣ ሥራህ ይጠብቅሃል" ለማለት ምን ያቅታችኋል? ጌታ ስለ ታመመው እንደሚጠይቀን ሰምተናል። ስለ ድንኳናችን ስፋት ይጠይቃል ሲባል ግን እኔ አልሰማሁም፤ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

በየሰፈራችሁ የሚያስል ሰው አለ። እኔ አላውቀውም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስሙ አሁን መጣላችሁ አይደል? በሉ፣ ነገ ጠዋት በሩን አንኳኩና "ተነስ፣ አብረን እንሂድ" በሉት።