ከሾላው ሥር የተዘገነ አፈር

አንድ ጊዜ ወታደሮች ሰፍረውበት ጥለውት የሄዱት ሰፊ ሜዳ ነበር። ሣሩ ለምለም ነው፤ ነገር ግን ወታደሮቹ ከታችኛው ዳር የመርዝ በርሜል እንደቀበሩ አውሬው ሁሉ ስለሰማ አንበሳ ሜዳውን ዘግቶት ነበር። በዚያ ዓመት ድርቅ ገባና እናት አህያ ውርንጭላዋን ይዛ አንበሳ ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ጡቴ ደርቋል። ልጄ ሣር ካላገኘ አይቆይልኝም። ሜዳው ይከፈትልን» አለች።

«መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር» አለ አንበሳ።

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነበር። ከሜዳው ከየማዕዘኑ አፈር ተዘግኖ በየቅሉ ይደረግና ገብስ ይዘራበታል፤ ገብሱ ከጠወለገ አፈሩ ታሟል ማለት ነው። አፈሩን እንድታመጣ ቀበሮ ተላከች፤ ጅብም ምስክር ሆኖ ተከተላት።

በሜዳው አፋፍ ላይ ሾላ አለ። ቀበሮ ከጥላው ሥር ቆማ ቁልቁል አየች። የበርሜሎቹ ሽታ ከሩቅ ይሰነፍጣል።

«አያ ጅቦ፣ እዚያ ድረስ ምን አደከመን? አፈር ሁሉ አፈር ነው።»

«ከየማዕዘኑ ተብለን የለም እንዴ?»

«ተብለናል። ያ ወድቆ የቀረው የወታደር ከስክስ ጫማ ግን ቆዳ ነው። እኔ አላየሁህም፤ ብላ።»

ጅብ ወደ ጫማው ሮጠ። እሱ ጫማውን ሲቆረጥም እሷ ቅሎቹን ሁሉ ከሾላው ሥር ሞላች።

ገብሱ በሁሉም ቅል አማረ። እናት አህያ ግን ልቧ አላረፈም።

«እመት ቀበሮ፣ የበርሜሎቹ ዳር አፈር የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች።

ቀበሮ ዓይኗን በጨው አጥባ አንዱን ቅል አሳየቻት። ጅብም «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማለ። አህያ አመነች። ምስኪን፣ ምን ታድርግ?

ሜዳው ተከፈተና ውርንጭላው ሲቦርቅ ወደ ታችኛው ዳር ወረደ፤ ጋጠ፣ ካቆረው ውሃም ጠጣ። ውሎ ሳያድር ከንፈሩ ቆሰለ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ እናቱ እግር ሥር ተጋድሞ ሞተ።

አንበሳ ሲደርስ ጅብ ሬሳውን መብላት ጀምሯል።

«ተው፣ ተመርዟል» አለው።

«ምን መርዝ አለ?» አለ ጅብ አፉን ሞልቶ። «የሾላው ሥር አፈር እኮ ንጹሕ ነው። ሁሉንም ቅል ከዚያው ስትሞላ አብሬያት ነበርኩ።»

ከተሰበሰበው አውሬ መሃል ቀበሮ ጭራዋን ቆልፋ ስታፈገፍግ ሁሉም አያት። ጅብም በማግስቱ ሞተ።

ቀበሮ ከአገር ተባረረች። አፈሩም በሌሎች እጅ፣ በሁሉም ፊት፣ ከየማዕዘኑ እንደገና ተዘገነ። የታችኛው ገብስ ጠወለገ፤ የላይኛው አማረ። ግማሹ ሜዳ ለካስ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር።

«ነይ፣ የላይኛውን ጋጪ» አላት አንበሳ።

«ባለፈውም እንዲሁ አምሮ ነበር» አለች አህያ። ፊቷን አዙራ ወደ ደረቀው አገር ብቻዋን ሄደች።

ከዚህ የምንማረው የታመመ መሬት የሚድነው ሕመሙ ካለበት ቦታ በታማኝ እጅ ሲመረመር ብቻ እንደሆነና በሐሰት ምርመራ ልጁን ያጣ ደግሞ እውነቱን ቢነግሩትም ማመን እንደሚያቅተው ነው።